አጥንት የናቀ ውሻ

በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው ጠጅ ቤቱ ብቻ ነው። አንቴናውን የተከልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የሚታይ ነገር በመጣ ቁጥር ግንዱን ይዤ የምቆመውም እኔ ነበርኩ። አንቴናው የታሰረበት የባህር ዛፍ ግንድ ከእንጦጦ ነፋስ በወረደ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፤ ፊቱን ሲያዞር ስዕሉ ላይ በረዶ ይዘንባል፤ በረዶ ሲዘንብ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮህብኛል። ቴሌቪዥኑ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግቢው ይሰጣል፤ እኔ ከመስኮቱ ጎን ነኝ። ስዕሉን በአግድሞሽ፣ ተመልካቹን ግን ፊት ለፊት አየዋለሁ። ስለዚህ በዚያ ግቢ ስለታየ ፊልም ሳወራ፣ ከፊልሙ ይልቅ ስላዩት ሰዎች ነው የማወራው።

የምኖረው ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ፣ የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ነበር። ሬዲዮ እጠግናለሁ። የእናትየዋ ልጅ ዘፋኝ ነው፤ ዘፋኝ ስልም ከሰርግ ሰርግ የሚዞር አይደለም። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ቢራቢሮ ክራቫት አስሮ፣ ሙሉ ኦርኬስትራ ከኋላው አሰልፎ የሚዘፍን፣ ድምፁ በሬዲዮ ሲመጣ መንገደኛ ሱቅ ደጃፍ የሚቆምለት ነው። ቤት ሲገባ ግን እናቱ ጫማውን በር ላይ ያስወልቁታል። እኔ እሳቸውን እማማ ነበር የምላቸው።

ሁዳዴ ተጋምሶ ሳለ፣ ውጭ ሀገር ሲኒማ ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ካሜራውንና የመብራት እግሮቹን አሸክሞ ግቢያችን መጣ። ዘፋኙን መድረክ ላይ ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ የምፈልገው ከመድረክ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ነው አለ። ሲለማመድ፣ ሲሳሳት፣ ሸሚዙን ሲተኩስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም፣ ከእናቱ ጋር ምሳ ሲበላ። ምንም ነገር እንዳይነካ፣ ቤቱ እንዳለ እንዲሆን ደጋግሞ ለመነ።

ሰፈሩ ልመናውን አልሰማም። ቀበና ውሰት የሚያውቅ ሰፈር ነው፤ አንዱ ቤት እንግዳ ሲመጣ የሌላው ቤት ዕቃ ይነሣል። ካሜራው ሳይተከል ባለጠጅ ቤቷ ትልቁን መስታወቷን አስመጣች። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ የቆዳ ወንበራቸውን በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው አስገቡ። ምንጣፍ መጣ፤ የግድግዳ ሰዓት መጣ፤ ከማን ቤት እንደመጣ እስከ ዛሬ ያልታወቀ የነብር ቆዳም መጣ። ሲኒማ የተማረው ልጅ መብራቱን ሊያይ ወጣ ብሎ ሲመለስ ቤቱን አላወቀውም። ተሳስቶ የገባ መስሎት ይቅርታ ጠየቀ።

የቀረው ምሳው ነበር። ልጁ የዘወትር ምሳችሁን ብሉ አለ። የዘወትር ምሳችን በዚያ ሰሞን ሽሮ ነው። እማማ ወደ ማጀት ጎትተው አስገቡኝ።

«ሀገር ሙሉ እያየው ልጄ ሽሮ ሲበላ?» አሉኝ።

ዶሮ እንዳይሠሩ ሁዳዴ ነው። እማማ ሁዳዴን ገድፈው አያውቁም፤ በዶሮ ወጣቸውም ተበልጠው አያውቁም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ጥቂት ቆመው አሰቡ። ከዚያ ምጣዱ ላይ የነበረውን አዩ። የተጣደው የሽምብራ ዓሣ ነበር። የሽምብራ ዓሣ ማንም ቤት የሚሠራ የጾም ምግብ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት ይቦካና በዓሣ መልክ ተቆርጦ ይጠበሳል፣ ወጥ ውስጥም ይገባል። የበላው ሁሉ ዓሣ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ተታለልኩ ያለም የለም።

«ሽምብራ ዓሣ ከሆነ፣ ድንች እንቁላል ቢሆን ማን ይከለክለዋል?» አሉ እማማ።

ሊጡን በዶሮ ብልት መልክ ከፋፍለው ጠበሱት። ቁሌቱን በዘይት ሠሩ። ድንቹ ለእኔ ተሰጠ። ድንች ተልጦ ብቻ እንቁላል አይመስልም፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው ትንሽ መሾል አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በምላጭ ፋቅኩት፤ በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት። ከተቀቀለ በኋላ፣ እንቁላል ላይ ወጡ ሰርጎ እንዲገባ እንደሚደረገው፣ ጎኑን በስለት ጫር ጫር አደረግሁት። ለቅልጥሙ ደግሞ ደረቅ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ጠረብኩና ጫፉን እንደ አጥንት እብጥ አድርጌ ተውኩት፤ እማማ የሽምብራውን ሊጥ በላዩ ጠፈጠፉበት። ሲያበቁ አንዱን ድንች አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ይህን ዶሮዋ ራሷ ብታየው ትታቀፈዋለች» አሉ።

መብራቱ ተበራ። እማማ ልጃቸውን አጎረሱት፤ ዘፋኙም ተቀበለ፤ ቅልጥሙንም አንሥቶ ጋጠ። ሲኒማ የተማረው ልጅ ጥሩ አልወጣም እያለ ደጋግሞ አስጋጠው። ያን ዕለት ዘፋኙ እንደታጠነ ጉንፋናም ትንፋሹ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይል ነበር። በመጨረሻ አጥንቱን ለውሻችን ወረወረለት። ውሻው ሮጦ መጣ፤ አሸተተው፤ ቀና ብሎ ዘፋኙን አየው፤ ትቶት ሄደ። ካሜራው ይህንንም አነሣ። ሁሉም ሲወጣ አጥንቱን ከመሬት አንሥቼ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት። ጥሩ የወጣ ሥራ አይጣልም።

ዘፋኙ በዚያ ዓመት አንዲት ልጅ ወዶ ነበር። አባቷ እንጦጦ ላይ ካሉት ደብሮች በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። እሷ ስፌት ልትማር ከተራራው ትወርዳለች፤ እሱ አንዳች ጉዳይ ሳይኖረው ወደ ተራራው ይወጣል፤ እንዲህ ሲሉ መንገድ ላይ ተገናኙ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ አለቃው ሽማግሌ ሆነው ተላኩ። መሪጌታው ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ሃምሳ አለቃው ይዘውት የወረዱት መልስ ሌላ ነበር።

«ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ መልካም ነው፤ አልዋሽም» ብለዋቸዋል መሪጌታው። «በዘፈኑ ላልሞተ ሰው ሲያለቅስም ሰምቼዋለሁ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ማን እንደሆነ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ይህን ሲሰሙ እግዚአብሔር ራሱ ሽማግሌ ሆኖ አጠገባቸው የተቀመጠ መሰላቸው። ይህንኑ የሚያሳይ ፊልም ተነሥቷል፤ በዚህ ሳምንት በቴሌቪዥን ይታያል፤ ይውረዱና በዓይንዎ ይዩት አሏቸው። መሪጌታው እሺ አሉ። ልጄን መስጠት አለመስጠቴን ፊልሙን ካየሁ በኋላ እነግራችኋለሁ አሉ።

ዶሮውን ማንም አላሰበውም። ፊልሙ የሚታየው በፍስክ ነው፤ በፍስክ ዶሮ የበላ ሰው ምን ይባላል? ያስጨነቀን ሌላ ነገር ነበር፤ መሪጌታ ጠጅ ቤት አይገቡም። ባለጠጅ ቤቷ መላ አላጣችም። ከአጥሯ ግንዶች ጥቂቱን አስነቀለች፤ የመሪጌታው ወንበር ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ ተደረገ። በቀዳዳው በኩል ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይታያል። በዕለቱ መሪጌታው በበቅሎ ወርደው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ከጠጅ ቤት ውጭ ተቀምጠው ወደ ጠጅ ቤት ማየት ጀመሩ። ልጃቸው ከኋላቸው ቆመች። በቅሎዋም አንገቷን በቀዳዳው አስገባች፤ ከሁሉ የተሻለ ቦታ የያዘችው እሷ ነበረች።

ግቢው ሞላ። ዘፋኙን ሊያይ የመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው የመጣው ዕቃውን ሊያይ ነው። ሃምሳ አለቃው ወንበራቸው ብቅ ሲል ብድግ ብለው በእጃቸው ለሁሉም አሳዩ፤ ዘፋኙ ሲቀመጥበት ደግሞ ቀስ በል አሉት። ባለጠጅ ቤቷ መስታወቷ ሲመጣ ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ውስጡ አንድ ጎንበስ ያለ ሰው ይታያል።

«መስታወቴ ውስጥ ያለው ወንድ ማነው?» አለች።

ሲኒማ የተማረው ልጅ ራሱ ነበር፤ ካሜራውን ይዞ ራሱን አንሥቷል። እስከ መጨረሻው ድረስ ማንነቱን የሚጠይቅ አልጠፋም።

ዘፋኙ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። ሰው ግን የሥጋውን ትቶ የቴሌቪዥኑን ያያል። በልምምዱ ላይ አንድ ዜማ ስቶ የኦርኬስትራው አለቃ በሰው ፊት ሲቆጣው፣ ግቢው በአለቃው ላይ ተነሣ። ይህ ሰው ማነው፣ የማን ልጅ ነው ተባለ። ዘፋኙ ወደ ኋላ ዞሮ ጥፋቱ የራሱ እንደነበረ ሊያስረዳ ሲጀምር አንዱ ትከሻውን ያዘው።

«ዝም በል እንጂ፤ አንተን እየሰማን ነው።»

ሸሚዙን ሲተኩስ ወንዶቹ አጉረመረሙ፤ እናቱ እያሉ እሱ ይተኩሳል? ሴቶቹ ደግሞ ባሎቻቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉ። እማማ ለግራ ለቀኙ፣ ይህ ካሜራው ያመጣው ነው፣ ካውያ በእጁ ነክቶ አያውቅም እያሉ ያስረዳሉ። ከአጥሩ ውጭ ግን መሪጌታው ወደ ልጃቸው ዞር ሲሉ አየሁ።

«ይተኩሳል» አሏት።

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። ነገሩ መልካም ሄደ ብዬ ግንዱን አጥብቄ ያዝኩ።

ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። ዘፋኙ ነጠላውን አጣፍቶ ይሳለማል፤ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል፤ ከፊቱ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ይዘምማሉ። መሪጌታው ከወንበራቸው ወደፊት ሸርተት አሉ፤ ዝንብ ያባርር የነበረው ጭራ በአየር ላይ ቆመ። ሃምሳ አለቃው ደስ ያላቸው መስሏቸው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። እኔም መስሎኝ መልሼ ጠቀስኳቸው።

ከዚያ ምሳው መጣ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ወጡ ጥቁር፣ እንቁላሎቹ ነጭ ሆነው አንዱ ካንዱ ተለይተው ጉብ ጉብ ብለዋል። የጫርኳት ጭረት ሳትቀር ትታያለች። ሴቶቹ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ባለጠጅ ቤቷና እማማ በዶሮ ወጥ የሚፎካከሩት እኔ ሰፈሩን ከማወቄ በፊት ጀምሮ ነው፤ አንዷ የሌላዋን ወጥ ከቀመሰች ጨው በዛው ወይም ጨው አነሰው ሳትል ቀርታ አታውቅም።

«እውነት ለመናገር» አለች ባለጠጅ ቤቷ፣ «እንዲህ ያለ እንቁላል በዕድሜዬ አላየሁም።»

የእማማ ፊት ከቴሌቪዥኑ በላይ አበራ።

ውሻው አጥንቱን አሽትቶ ትቶት ሲሄድ ትልቅ ሳቅ ሆነ። ቤቱ ምን ያህል ቢጠግብ ነው ውሻው አጥንት የናቀው ተባለ። ፊልሙም በዚያው አለቀ። አጨበጨቡ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ አጥሩ ቀዳዳ ዞሩ።

መሪጌታው ቆመዋል።

«ይህ ፊልም የተነሣው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የገባኝ ያኔ ነው።

«እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ» አሉ። «ከበሮ አልነበረም። ጸናጽል አልነበረም። ያለ ከበሮ በመቋሚያ ብቻ የሚዘመመው በሁዳዴ ነው። ሰውየው በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ያንኑ ሸሚዝ እንደለበሰ ቤቱ ገብቶ ዶሮ ይበላል። ቤቱ ሲገባ ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነበር፤ አሳያችሁኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

በቅሎዋን ፈቱ። በቅሎዋ አንገቷን ከቀዳዳው ማውጣት አልፈለገችም፤ ሌላ ፊልም የሚመጣ መስሏት ይሆናል። ልጅቱ ዘፋኙን አንድ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ አባቷን ተከትላ ሽቅብ ሄደች።

ከዚያ ከኋላ፣ ከጠጁ በርሜል በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ከጌታው ውሻው ይሻላል። ውሻው ጾሟል።»

ሳቁ ወንዙ ማዶ የተሰማ ይመስለኛል። ዘፋኙ ተነሥቶ ድንች ነው፣ የበላሁት ድንች ነው አለ፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አሳቃቸው። ሁሉም በዓይኑ አይቷል። ዘፋኙ ሊዋሽ ይችላል፤ ቴሌቪዥን ለምን ብሎ ይዋሻል?

«ድንች?» አለች ባለጠጅ ቤቷ። «ዶሮ ወጥ ስሠራ ያረጀሁ ሴት ድንችና እንቁላል አልለይም?» ወደ እማማ ዞረች። «እስቲ አንቺ ተናገሪ።»

ዘፋኙ እናቱን አየ። እኔም ከግንዱ ሥር ሆኜ አየኋቸው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። እማማ ግን ያን ምስጋና ገና አሁን አግኝተውታል፤ አፋቸው ውስጥ እንደ ከረሜላ ይዘውታል።

«የተበላ ነገር ምን ያከራክራል?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሌን አንኳኩ። ዓይናቸው እንቅልፍ ያገኘ አይመስልም።

«ምላጭህን አምጣ» አሉኝ። «እንጦጦ እንወጣለን።» ድንቹን እንደ ያኔው ቀርጬ ሰጠኋቸው፤ ወጡን ማጀት ገብተው ራሳቸው ሠሩ።

ሃምሳ አለቃው አፍሬያለሁ ብለው ቀሩ። ዘፋኙም ጠያቂ ራሱ አይሄድም ተብሎ ቀረ። ድስቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ተሸከምኩ፤ እማማ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ የማገዶ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ይወርዳሉ፤ ሸክማቸው መንገዱን ስለሚይዘው ወደ ዳር እየወጣን እናሳልፋቸዋለን። ድስቱ ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ። ሽታውም የጾም ቁሌት አልነበረም፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ምንም አልጠየቅሁም።

መሪጌታው በጨዋ ደንብ ተቀበሉን፤ አስቀመጡን። እማማ ከመቀመጣቸው በፊት ተናገሩ። ሽሮውን፣ ማፈራቸውን፣ የሽምብራውን ዓሣ፣ ድንቹን፣ ምንም ሳያስቀሩ። ይህ ልጅ የጠረበው ነው ብለው እኔን አሳዩ። መሪጌታው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና ድስቱ እንዲከፈት አዘዙ። እኔም ምስክር ስለሆንኩ፣ ክብ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ድንች መሆኑን አረጋገጥኩላቸው።

መሪጌታው አንዱን አነሡ፤ ገመጡት። አስኳሉ ጢማቸው ላይ ተፈረፈረ።

እኔ እማማን አየሁ። እማማ ጣሪያውን አዩ።

«አማች ልሆን የመጣሁ ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ድንች ብቻ ይዤ እመጣለሁ? ዶሮ ሠርቻለሁ። ድንቹን ከመካከል ነው የጨመርኩት።»

መሪጌታው ሌላ አነሡ። ድንች ነበር። በጣታቸው ፈርከስ አድርገው፣ ውስጡን አይተው፣ ወደ ድስቱ ጎንበስ አሉ። ከዚያ በኋላ ያነሡትን ሁሉ ከመግመጣቸው በፊት ምን እንደሆነ ይናገሩ ጀመር፤ ይህ እንቁላል ነው ያሉት ድንች ይሆናል፣ ይህስ ድንች ነው ያሉት አስኳል ያወጣል። ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ይሰማ ነበር። መሪጌታው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። በመጨረሻ እጃቸውን ታጠቡ።

«ሥራው ድንቅ ነው» አሉ። «ነገር ግን የዛሬው ድንች የዛሬ ነው። ያኔም ድንች እንደነበረ በምን አውቃለሁ? እናት ለልጇ ስትል ድንች መላጥ ቀርቶ ተራራ ትወጣለች፤ ይኸው ወጥተዋል።»

የእማማ ፊት ሲወድቅ አየሁት፤ በባለጠጅ ቤቷ ፊት ዝም ያሉት ዝምታ አሁን ዋጋውን እየጠየቃቸው ነው። በሰው ፊት መናገር አልወድም፤ በተለይ በሊቅ ፊት። ግን ያየሁትን ስለማውቅ ተናገርኩ።

«የኔታ» አልኩ፣ «ውሻው አጥንቱን ለምን ተወው?»

መሪጌታው ቀና አሉ። ከበሮ አለመኖሩን ያየ ዓይን ውሻውንም አይቶታል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። ከኪሴ አጥንቱን አወጣሁ። ሽምብራው ረግፎ አልቋል፤ የዘፋኙ ጥርስ ምልክት ግን እንጨቱ ላይ እንዳለ ነው። መሪጌታው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት፤ በጥፍራቸው መቱት። ቋ አለ።

ያን ጊዜ ልጅቱ ከመጋረጃው ወጣች። እንጨቱን ከአባቷ እጅ ተቀበለች፤ ከድስቱም አንድ የዶሮ ቅልጥም አወጣች። እንጨቱን ወጡ ውስጥ በደንብ ነከረችው፤ ሁለቱ አይለዩም። ወደ ደጅ ሄዳ የቤቱን ውሻ ጠራች። ሁላችንም፣ መሪጌታው ጭምር፣ በሩ ላይ ተደርድረን ቆምን። በመጀመሪያ እንጨቱን ወረወረችለት። ውሻው አሸተተ፤ ወጡን ከላዩ ላሰ፤ ቀና ብሎ ልክ እንደኛው ውሻ አያት፤ ተወው። ቅልጥሙን ስትወረውርለት መሬት አልነካም፤ አጥንቱ ሲደቅ ተሰማ።

መሪጌታው ወርደው የተጣለውን እንጨት አነሡ።

«ውሻ ምስክር ሆኖ ሲቆም ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «በሁለት ምስክር ግን ነገር ይጸናል።»

እማማ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዟቸው።

«ገና አልጨረስኩም። ልጅዎ ጾም አልሻረም። ሻረ ብሎ የሚያምን ሰፈር ግን አለ፤ ልጄ በየወንዙ ዳር ስለ ድንች ስታስረዳ እንድትኖር አልፈልግም። የታየው በዚያ ግቢ ነው፤ በዚያው ግቢ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት እርስዎ ራስዎ ይናገሩት። እኔም ከአጥሩ ውጭ ሆኜ እሰማለሁ። ያን ጊዜ እሰጣለሁ።»

ስንወርድ እማማ የቀበና ድልድይ ላይ ቆሙ።

«ለዚያች ሴት?» አሉኝ።

«ለዚያች ሴት» አልኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው እንደገና ሞላ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ጨርቅ ለብሷል። እማማ መስኮቱ ሥር፣ የቴሌቪዥኑ ቦታ ላይ ቆሙ። ባለጠጅ ቤቷ ደረጃዋ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። በአጥሩ ቀዳዳ በቅሎዋ ቦታዋን ይዛለች።

«እንቁላሉ ድንች ነበር» አሉ እማማ። «ዶሮው ሽምብራ ነበር። አጥንቱ ባህር ዛፍ ነበር። ልጄ ጾሙን አልሻረም። ሀገር ሽሮ ሲበላ እንዳያየው ብዬ እኔ ነኝ ያደረግሁት። ይኸው ተናገርኩ።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ዞሮ ባለጠጅ ቤቷን አየ፤ ስንት ዘመን የጠበቀችው ቀን ነው። እሷ እማማን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው።

«እኔ አላምንም» አለች። «ለልጅሽ ብለሽ ነው። እኔ ያየሁት እንቁላል ነው፤ እንቁላልም ነበር።»

ደግነት ይሁን እልኸኝነት፣ አሁንም ድረስ አልለየሁትም። እማማ ግን ወደ ጎን ዞረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ምስጋናቸው አልተነጠቀባቸውም። ከአጥሩ ውጭ ሃምሳ አለቃው እነዚህ ሰዎች ካላመኑ ምን ይደረጋል ብለው መሪጌታውን በጭንቀት ሲጠይቁ ሰማሁ።

«ማመን የእነሱ ፋንታ ነው» አሉ መሪጌታው። «የእሳቸው ፋንታ መናገር ነበር፤ ተናግረዋል። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ሰፈሩ በሁለት ተከፈለ። ድንች ነው የሚሉ ከወንዙ በላይ፣ እንቁላል ነው የሚሉ ከወንዙ በታች በረከቱ፤ ጠጅ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም ነበር። ሰርጉ የሐዋርያት ጾም ሳይገባ ተደረገ። ዳሱ ውስጥ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ የሆነውን ሌላ ቦታ አላየሁም፤ እንግዳው ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል፣ ከመጉረሱ በፊት እንቁላሉን በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ ይመረምራል። እማማና ባለጠጅ ቤቷ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጫን የሚያደርገውን ሁሉ ይገላምጡ ነበር።

ሙሽራይቱ ከሰርጉ በፊት በሰው ልካብኝ ነበር፤ አንድ የድንች እንቁላል ብቻ፣ ለአባባ፣ ብላ። ሠራሁላት። እስከዚያ ከሠራኋቸው ሁሉ የበለጠ ነው የተጠነቀቅሁበት፤ ሹልነቱን፣ ጭረቱን፣ ሁሉን። ከመሪጌታው ፊት ሲቀመጥ አየሁ። እሳቸው አልነኩትም፤ አልመረመሩትም። አንሥተው ጎረሱት፤ በዝግታ አላመጡት፤ ከዳሱ ማዶ እኔን ሲፈልጉ ቆይተው አገኙኝ፤ ማላመጣቸውን አላቋረጡም።

ሊሄዱ ሲነሡ በአጠገቤ አለፉ። በቅሎዋ ደጅ ትጠብቃለች። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ።

«እንቁላል እንዲህ አያምርም። ዶሮ አትጠነቀቅም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጠርበውን ሁሉ ጥቂት አጣምመዋለሁ።